የመኪና መሪ ጉድለትና ሪኮል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ የሐረጎ መንገድ ለሚወጡና ለሚወርዱ፣ መኪና ለመግዛት ላሰቡም ጭምር።

ሪኮል ምንድን ነው?

አምራቹ የሸጠው መኪና ላይ ለአደጋ የሚያጋልጥ የፋብሪካ ጉድለት ሲገኝ፣ መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። አንዳንዴ አምራቹ ራሱ ይደርስበታል። አንዳንዴ ደግሞ የአገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የአሽከርካሪዎችን አቤቱታ ሰብስቦ ያስገድደዋል። ተጠራ ማለት መኪናው ተወስዶ ይቀራል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዕቃ ይፈተሻል፣ ካስፈለገ ይቀየራል፣ ባለቤቱም መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሪኮል የወጣበት መኪና ሁሉ መጥፎ መኪና ነው ማለትም አይደለም። ቶዮታም፣ ሆንዳም፣ ፎርድም፣ ሱዙኪም መኪኖቻቸውን ጠርተው ያውቃሉ። የሚያስፈራው ተጠርቶ ሳይጠገን የቀረው ነው። ያገለገለ መኪና እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የተጠገነ ይሁን ያልተጠገነ የሚነግረን የለም።

መሪ ላይ የሚወጣው የፋብሪካ ጉድለት ምን ዓይነት ነው?

መሪ ብዙ ዕቃ ነው። በእጃችን ከምንይዘው ክብ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግ አለ። ከሥሩ የመሪ ሳጥኑ አለ። ከሳጥኑ ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚሄዱ ዘንጎች (ታይ ሮድ) አሉ። በዚህ ላይ ጉልበት የሚያግዘን ፓወር ስቲሪንግ ይጨመራል። በእያንዳንዳቸው ላይ ሪኮል ወጥቶ ያውቃል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 1.4 ሚሊዮን መኪኖች የጠራው መሪውን የሚያስረው ብሎን ሊላላ ስለሚችል ነበር። ጀነራል ሞተርስ በ2010 ወደ 1.3 ሚሊዮን የጠራው የኤሌክትሪክ መሪው ሞተር እገዛውን በድንገት ሊያቋርጥ ስለሚችል ነው። ሆንዳ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ወደ 1.7 ሚሊዮን መኪኖች የጠራው ደግሞ የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለ ጥርስ እየያዘ መሪውን ስላስቸገረ ነበር። መፍትሔው አንድ ስፕሪንግ መቀየርና ግራሶ መጨመር ሆነ።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የቶዮታው ነው። በ2012 መጨረሻ ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ወደ 2.77 ሚሊዮን መኪኖች ጠራ። ኮሮላ፣ ዊሽ፣ አቬንሲስና ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ነበሩበት። መሪውን ከሳጥኑ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ያለው ብረት በቂ ጥንካሬ አልነበረውም። በዝግታ እየሄዱ መሪውን እስከ መጨረሻው በኃይል ደጋግሞ ማጠማዘዝ የዘንጉን ጥርሶች ይበላቸዋል። የደሴን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። ፒያሳ ላይ መኪና ማዞር፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጠባብ ቅያስ ገብቶ መውጣት፣ ዳገት ላይ አስጠግቶ ማቆም፣ ሁሉም መሪን እስከ ጫፍ ማጠማዘዝ ነው።

ከህንድ የሚመጡትም አሉ። ማሩቲ ሱዙኪ በ2023 የኤስ-ፕሬሶና የኢኮ ሞዴሎችን 87,599 መኪኖች በታይ ሮድ ጉድለት ጥርጣሬ ጠርቷል። ጥሪው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 እስከ የካቲት 2023 መጀመሪያ አጋማሽ የተመረቱትን ይመለከታል። በ2013 ደግሞ ጥቂት ስዊፍት፣ ዲዛየርና ኤርቲጋ መኪኖች የመሪ ዘንጋቸው እንዲፈተሽ ተጠርተው ነበር። ሁሉም ሪኮል ግን እኩል አያሳስበንም። ቴስላ በ2018 ሞዴል ኤስን የጠራው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመሪውን ብሎኖች ስለሚበላ ነው። ይህ የእኛ ጭንቀት አይደለም።

መሪዬ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ አንድ ጎንም ይስባል። ሪኮል ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የሚንቀጠቀጠው በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ከሆነ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። ወደ አንድ ጎን ከሳበ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄደው ንፋሱን ያስለኩ። ከዚያ የጎማውን አላይመንት ያስፈትሹ። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ የሚውል መኪና ይህ ሁሉ ያገኘዋል። ፋብሪካውን የሚመለከት ነገር የለውም።

በቁም ነገር መታየት ያለባቸው ምልክቶች ሌሎች ናቸው። መኪናውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ መሪውን በጣትዎ ቀስ አድርገው ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ጠርዝ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶውን ከሄደ መካኒክ ይየው። መሪው ሲዞር ከእግርዎ በታች ቋ የሚል ድምፅ ካለ፣ ከታጠፉ በኋላ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ፣ መሐል ላይ ያዝ አድርጎ ለቀቅ ካደረገ፣ የመሪ ምልክት ያለበት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ፣ ወይም ክቡ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ በዚያው ቀን ያሳዩት። «ቅዳሜ ጋራዥ አስገባዋለሁ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

መኪናዬ ሪኮል ካለበት ማን ይነግረኛል?

ያገለገለ መኪና ከሆነ፣ ማንም። አሠራሩ የተዘረጋው ለመጀመሪያው አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ አምራቹ ጉድለቱን ለተቆጣጣሪው ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለባለቤቶቹ ደብዳቤ መላክ አለበት። ደብዳቤው የሚሄደው በመዝገብ ላይ ላለው ባለቤት አድራሻ ነው። መኪናው ተሸጦ፣ በዱባይ አልፎ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ሲደርስ ደብዳቤው አይከተለውም።

አዲስ መኪና ከሕጋዊ ወኪል ገዝተው ከሆነ ነገሩ ይሻላል። ወኪሉ ስምዎንም ስልክዎንም መዝግቧል። ስልክ ቀይረው ከሆነ ግን ይንገሩት። መኪናውን ከሌላ ሰው የገዙ ከሆነም ስምዎን እንዲያስተካክል ይጠይቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ዋጋው አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው።

ታዲያ በራሴ እንዴት ላጣራ?

በሻንሲ ቁጥር። ሊብሬዎ ላይ ተጽፏል። መኪናው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በኩል ከመስታወቱ ሥር፣ ወይም በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ፣ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከሊብሬው ብቻ አይገልብጡ። ብረቱ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩት። ካልተመሳሰለ ከሪኮል የበለጠ ጉዳይ አለብዎት ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ አለው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት በውስጡ ስለማይገቡ ኦ የሚመስለው ሁልጊዜ ዜሮ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የትኛው አገር እንደተሠራ ይነግሩዎታል። ጄ ጃፓን ነው፣ ኤል ቻይና፣ ኬ ደቡብ ኮሪያ፣ ደብሊው ጀርመን፣ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ። ኤም ኤ 3 ብሎ የሚጀምር የህንዱ ማሩቲ ሱዙኪ ነው። ሃይሉክስ ያላችሁ ኤም አር ካያችሁ ታይላንድ፣ ኤ ኤች ቲ ካያችሁ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። ማጣራት የሚገባው ግን መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት ገበያ ነው። አሜሪካ ለተሸጠ መኪና የአገሪቱ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ተቀብሎ ወዲያው የሚመልስ ድረ ገጽ አለው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመጣ የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር የሪኮል ማዕከል ይጠቅማል። ለማሩቲ የኩባንያው ገጽ ላይ የሻንሲ ቁጥር ማስገቢያ አለ።

ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና 17 አሃዝ የለውም። አጠር ያለ ነው፣ እንደ ቪትዝ ኤስሲፒ10 በመሰለ የሞዴል ምልክት ይጀምርና ሰረዝ ተደርጎ ተራ ቁጥሩ ይከተላል። ይህን ቁጥር የአሜሪካው ገጽ ላይ ማስገባት ጊዜ ማጥፋት ነው። የቶዮታ የጃፓን ገጽ ላይ ግን ይሠራል። በጃፓንኛ ነው፣ የስልክዎ መተርጎሚያ ይበቃዋል። ኢንተርኔት ያስቸገራቸው አባትና እናት ካሉ፣ ልጆች ይህን ሥራ ብትሠሩላቸው ትልቅ ውለታ ነው።

አጣርቼ «ሪኮል የለም» አለኝ። እፎይ ልበል?

ግማሹን። የአሜሪካው ገጽ የሚያሳየው ያልተጠገነ ሪኮልን ብቻ ነው። ወደኋላ የሚሄደውም 15 ዓመት ነው። ሌላ አገር የተሸጠ መኪና በውስጡ አይገኝም። በቅርቡ የታወጀ ጥሪም የእያንዳንዱ መኪና ቁጥር እስኪገባ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜው ከ15 ዓመት ላለፈ ኮሮላ «የለም» የሚለው መልስ ብዙ አይናገርም። እንዲህ ሲሆን በሞዴሉና በተሠራበት ዓመት የድሮ ሪኮሎችን ፈልገው፣ የተጠቀሰውን ዕቃ መካኒክ በዓይኑ እንዲያየው ያድርጉ።

ሪኮል ካለ ጥገናው እዚህ በነፃ ይሠራልኛል?

በመጀመሪያው አገር አዎ፣ ነፃ ነው። እዚህ የሚወሰነው መኪናው በማን በኩል እንደገባ ነው። በሕጋዊ ወኪል ከገባ ወኪሉን ይጠይቁ። ለምሳሌ ቶዮታን በኢትዮጵያ የሚወክለው ሞኤንኮ ነው። በግለሰብ ወይም በሌላ አስመጪ በኩል የገባ ከሆነ ወኪሉ «እኛ አላስገባነውም» ሊል ይችላል። እንዲያም ቢል ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሪኮሉን ቁጥርና ቀን ጠቅሰው፣ ዕቃው በነፃ ባይሆን እንኳ ታዞ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል።

ከኪስዎ መክፈል ግድ ከሆነም ሪኮሉ ይጠቅምዎታል። ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነና ብዙ ጊዜ የተሻሻለው መለዋወጫ የትኛው እንደሆነ ይገልጻል። መካኒኩ ግማሽ መኪና ሳይፈታ በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ጋራዥ ውስጥ «እንበይደው» ወይም «ከፈረሰ መኪና ዕቃ አለ» አሉኝ። ይሁን?

የመሪ ዘንግ አይበየድም። ታይ ሮድም አይበየድም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም። ብየዳው ያረፈበት ዙሪያ የብረቱ ጠባይ ይለወጣል፣ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚሰበረው ደግሞ ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ጭነት ሲበዛበት፣ መታጠፊያ ላይ ነው። ብዙ ጎበዝ መካኒኮቻችን ይህን ያውቃሉ። የሚበይዱት ደንበኛው ርካሽ ፈልጎ ስለሚጨቀጭቃቸው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን እነሱ ላይ ብቻ አንጣል።

ከፈረሰ መኪና የወጣ ዕቃ ላይ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። ሪኮል የወጣበትን ዘንግ ከተመሳሳይ ሞዴልና ዓመት ፈትተው ቢያስገቡ፣ ያንኑ የተጠራውን ዕቃ በሌላ እጅ ገዙት ማለት ነው። ቢያንስ ዕቃው የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ይጠይቁና ያጣሩ። ያገለገለ ዕቃ ለበርና ለመስታወት ምንም አይደለም። ለመሪና ለፍሬን ግን አዲስና ትክክለኛው ይገዛ። ብር ከጎደለ ሌላው ወጪ ይቆይ።

ዕቃው እስኪመጣ መንዳት እችላለሁ?

በጥሪው ቃል ይወሰናል። አንዳንዱ «እየነዱ ይቆዩ፣ ምልክት ካዩ ያምጡት» ይላል። አንዳንዱ «አይንዱ» ይላል። ቶዮታ በ2022 ቢዜድ4ኤክስ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ሲጠራ የጎማው ብሎን ላልቶ ጎማው ሊወልቅ ስለሚችል ባለቤቶቹ እንዳይነዱት አሳስቦ ነበር። እንዲህ የሚል ጥሪ ካዩ መኪናውን ያቁሙት፣ ጋራዥም ቢሆን በመጎተት ይሂድ።

ለመንዳት የሚፈቅድ ጥሪ ቢሆንም እኛ ጋ ሌላ ነገር ይጨመራል። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ግድም ከፍ ትላለች። ያን ከፍታ የምንወርደው ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ጭነት መኪና፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጉም። ጥሪውን የጻፈው ሰው ሐረጎን አስቦ አልጻፈውም። ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ከተማ ውስጥ በዝግታ ጋራዥ ድረስ ይንዱ እንጂ ሐረጎን አይውረዱ። የዚያን ቀን በሚኒባስ ይሂዱ።

ሐረጎን እየወረድኩ መሪው ድንገት ቢከብደኝስ?

በመጀመሪያ ይህን ይወቁ፦ ፓወር ስቲሪንግ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። ጎማዎቹ አሁንም በእጅዎ ናቸው። ብዙ አደጋ የሚደርሰው ሾፌሩ መሪው የተቆለፈ መስሎት ሲደነግጥ ነው። በሁለት እጅዎ አጥብቀው ይያዙ፣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ጉልበት ይጠቀሙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ማርሽ እየቀነሱ በቀስታ ፍሬን ይያዙና ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ይያዙ። በዝቅተኛ ፍጥነት መሪው ይበልጥ ስለሚከብድ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ጉልበት ይጠብቁ።

መኪናው እየሄደ ሞተሩን በፍጹም አያጥፉ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ጉልበትም አንድ ሁለት ጊዜ ሲረገጥ ያልቃል። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው እውነትም ይቆለፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መልቀቅ በሁለት በኩል ሞትን መጥራት ነው። ቁልፍ ሲነሳ፣ ጀነራል ሞተርስ በ2014 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን የጠራው የቁልፉ ማዞሪያ ላልቶ በጉዞ ላይ ስለሚመለስ ነበር። ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤርባጉም አይሠራም። ኩባንያው ካሳ ለመክፈል ባቋቋመው ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ ምክንያት መሞታቸው ተቀባይነት አግኝቷል። ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለ ከባድ ነገር ችግሩን ያብሰው ነበር። የቤቱን፣ የሱቁንና የመጋዘኑን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር የሚያንጠለጥል ሰው ይለየው።

መሪው ባዶውን ከዞረና ጎማው አልታዘዝ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ያለዎት ፍሬን ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ቦታ ላይ እያሉ ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ጡሩንባ ይንፉ፣ የሚቻል ከሆነ በተራራው በኩል እንጂ በገደሉ በኩል አይቁሙ።

መኪናዬ የቦሎ ምርመራ አልፏል። አይበቃም?

ምርመራው ጥሩ ነገር ነው፣ ያረጀና የላላ ዕቃ ሊይዝ ይችላል። የሻንሲ ቁጥርዎን ወስዶ የአምራቹ መዝገብ ላይ ግን አይፈልግልዎትም። ገና ያልላላ ግን ፋብሪካው ራሱ የጠረጠረው ዘንግ ምርመራ ቀን ጤነኛ ይመስላል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ላድርግ?

የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱና ማታ ያጣሩ። ደላላው «ዛሬ ካልወሰድክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ቢልም አንድ ማታ አይጎዳም። ሪኮል ከተገኘ የተሠራበትን ወረቀት ይጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ያልተሠራ አድርገው ይቁጠሩትና ዋጋውን በዚያ ይደራደሩ።

ሲሞክሩት አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ መንዳት አይበቃም። በዝግታ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረው ድምፁን ያዳምጡ። ከዚያ ዳገትና መታጠፊያ ባለበት ይውሰዱት። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ፍለጋ አያደክምም። የኤርባግ መብራት ቁልፉ ሲከፈት በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ይጠይቁ። ቶዮታ በ2014 ሃይሉክስና ራቭ4 ያሉበትን ትልቅ ጥሪ ያወጣው መሪው ውስጥ ያለው የኤርባግ ገመድ ሊበጠስ ስለሚችል ነበር።

አይሱዙ፣ ሲኖትራክና ባጃጅስ?

ለጭነት መኪና ማጣራቱ ቀላል አይደለም፤ የተሻለው መንገድ የሻንሲ ዝርዝሩን ይዞ ወኪሉን በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በርከት ያሉ መኪኖች ያላቸው ባለንብረቶች ይህን በአንድ ቀን መጨረስ ይችላሉ። ለሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ አለመጠን የተጫነ መኪና የፊት ጎማው ይቀልላል። መሪው ዛሬ ቀለለኝ ማለት ጎማው መንገዱን በደንብ አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል።

ባጃጅ መሪው እጀታ ቢሆንም የሻንሲ ቁጥር አለው፣ በኤም ዲ 2 ይጀምራል። የእጀታውን መላላት ጠዋት ሳይወጡ መፈተሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ይህ ሁሉ ይመለከተኛል?

ይመለከትዎታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካደረገ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና መሪ በዘይት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው። ያ ሞተር የሚሠራው በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ መስመር ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከደከመች የመሪ መብራት ሊበራ ይችላል። ስለዚህ መሪው ተበላሸ ከማለትዎ በፊት እሷን ያስለኩ።

ዋናው ችግር ሶፍትዌሩ ነው። አንዳንድ ጥሪ ጋራዥ ሳያስፈልግ በኢንተርኔት በሚላክ ማሻሻያ ይስተካከላል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ግን እዚህ ሆኖ ያን ማሻሻያ ላያገኝ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት አስመጪውን «ሶፍትዌሩን የት ታሻሽሉልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ተድበስብሶ ከታለፈ ሌላ አስመጪ ይፈልጉ።

መኪናዬ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዘዋወረ ነው። ሪኮሉ ይሠራል?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ለጃፓን የተሠራ መኪና መሪው በቀኝ ነው። ከነዚህ አንዳንዱ እዚህ ከመድረሱ በፊት መሪው ወደ ግራ ተዘዋውሯል። ሲዘዋወር ዘንጉም፣ ሳጥኑም፣ ማሰሪያውም ሊቀየር ይችላል። በሻንሲ ቁጥሩ ሲያጣሩ የሚያገኙት መልስ ፋብሪካው ስለገጠመው ዕቃ ነው፤ አሁን መኪናው ላይ ስላለው አይደለም። ስለዚህ «ሪኮል የለም» ቢል ምንም አያረጋግጥም። «አለ» ቢልም የተጠራው ዕቃ ከወጣ ቆይቶ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ጥራት ማንም አምራች አይጠየቅም። መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ የዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ብሎኖቹና ማሰሪያው ይታዩ። የብየዳ ምልክት ካለ፣ ወይም ዘንጉ ተቆርጦ የተቀጠለ ከሆነ፣ ትክክለኛው የግራ መሪ ዕቃ እስኪገኝ ቁልቁለት ላይ አይውጡበት።

በመሪ ጉድለት አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። «የፋብሪካ ችግር ነው» ማለት ለተጎጂው መልስ አይሆንም። በሌላ በኩል አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ አምራች በአግባቡ ሲገለገሉበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ግን አምራቹ ያመልጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ገዢው ስለዕቃው ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ይሰጠዋል። ከሻጭ ወይም ከአስመጪ ጋር ለሚደረግ ክርክር ይህ ይጠቅማል። ጥሪ መኖሩን እያወቁ ዝም ብለው መንዳት ግን ክርክርዎን ያዳክመዋል።

አደጋ ከደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ሳያይ መኪናው አይነሳ። የተሰበረውን ዘንግ ከነቦታው ፎቶ ያንሱ። መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ የተፈታው ዕቃ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር እንዳይጣል አስቀድመው ይንገሩ፣ ከነብሎኑ ተቀብለው ያስቀምጡት። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሪኮሉን ማስታወቂያና ለወኪሉ የጻፉትን ደብዳቤ ቅጂ አንድ ላይ አድርገው ወደ ጠበቃ ይዘው ይሂዱ።